የምርጫ ማዕድና የጋራ ማዕድ፤ ስለ ሠራተኛ ጥቅማ ጥቅም አመዳደብ የቀረበ ሒስ

አንድ ድርጅት ለሠራተኛው ከደመወዙ ሌላ የሚሰጠው ነገር ሁሉ፣ ምሳው፣ ሰርቪሱ፣ ሕክምናው፣ የዓመት ፈቃዱና የጡረታ መዋጮው፣ በአንድነት ጥቅማ ጥቅም ይባላል። ይህ ጥቅማ ጥቅም ለሁሉ በአንድ ልክ ቢሰጥ ይሻላል ወይስ እያንዳንዱ ሠራተኛ እንደ ኑሮው እንዲመርጥ ቢተውለት ይሻላል? ይህ ጥያቄ በሥራ አመራር ትምህርት ክፍል ውስጥ መልሱ አስቀድሞ እንደ ታወቀ ሆኖ ይነገራል። መልሱም፤ ሠራተኞች በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሃይማኖትና በቤተ ሰብ ሁኔታ የተለያዩ ስለ ሆኑ ጥቅሙም የተለያየና በምርጫ የሚገኝ መሆን አለበት የሚል ነው።

ይህ ጽሑፍ ያን መልስ ይመረምራል። ዓላማው መልሱን ከሥሩ ለመንቀል አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነውና። ነገር ግን ግማሹ እውነት እንደ ሙሉ እውነት ተቆጥሮ በሥራ ላይ ሲውል ዋጋውን የሚከፍል ሰው አለ። ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ ከሁሉ ያነሰው ሠራተኛ ነው።

፩. የሐሳቡ አመጣጥ

ሐሳቡ የተወለደው በአሜሪካ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 እ.ኤ.አ.፣ የአሜሪካ መንግሥት የደመወዝ ጭማሪን በሕግ ገደበ። ሠራተኛ ያጠራቸው ድርጅቶች በደመወዝ መሽቀዳደም ስለ ተከለከሉ የሕክምና መድንና ጡረታ በመስጠት መሽቀዳደም ጀመሩ። በ1954 እ.ኤ.አ. የወጣውም የግብር ሕግ አሠሪው ለሠራተኛው ሕክምና የሚያዋጣው ገንዘብ እንደ ሠራተኛው ገቢ እንዳይቆጠር አጸና። እንግዲህ ከደመወዝ ውጭ የሚሰጠው ጥቅም እንዲህ የተስፋፋው የሠራተኛው ችግር ስለ ታሰበ ብቻ ሳይሆን የደመወዝ ገደብና የግብር ነጻነት ስለ ገፋፉት ጭምር መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ያ ጥቅም የተሰፋው በአንድ ሰው ልክ ነበረ። ሰውየው ባለ ትዳር ወንድ ሲሆን ሚስቱ ቤት ትውላለች፤ ልጆችም አሉት። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ብዙ ሚስቶች ደመወዝተኞች በሆኑ ጊዜ ልኩ አልገጥም አለ። ባልና ሚስት በሁለት ድርጅት ሁለት መድን ይዘው አንዱ ያለ ሥራ ይቀመጥ ጀመር፤ ያላገባውም ሠራተኛ ለቤተ ሰብ ተብሎ ከተመደበው ጥቅም የሚደርሰው ነገር አልነበረም። ስለዚህ በ1978 እ.ኤ.አ. የወጣው የግብር ሕግ ሠራተኛው በጥሬ ገንዘብና ግብር በማይከፈልበት ጥቅም መካከል እንዲመርጥ ፈቀደ፤ ገንዘቡን መውሰድ ይችል ነበር በማለት ብቻ ግብር እንዳይጠየቅም ደነገገ። ሠራተኛው ትሪ ይዞ ከመደርደሪያው የሚፈልገውን ብቻ ያነሣ ይመስል ሥርዓቱ «ካፍቴሪያ ፕላን» ተባለ።

የሐሳቡን መልካም ጎን መካድ አይገባም። ለማይጠቅመው ነገር ድርሻውን የሚያጣ ሰው ቅሬታው እውነተኛ ነው። ሆኖም ሕጉን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ያዩት አንድ አደጋ ነበረ፤ ምርጫው የአለቆች መጠቀሚያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የድርጅቱ ዋና ዋና ሰዎች የሚያገኙት ጥቅም ከጠቅላላው ከመቶ 25 በላይ ቢሆን እነዚያ ሰዎች የግብር ነጻነቱን እንዲያጡ አደረጉ። ምርጫ በራሱ ለሁሉ እኩል የሚያደላድል ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ አጥር ባላስፈለገ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። በዚሁ ሥርዓት ሠራተኛው ለሕክምና የሚሆነውን ገንዘብ ዓመቱ ሳይገባ አስቀድሞ ከደመወዙ ያስቀምጣል። በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣው ደንብ መሠረት በዓመቱ መጨረሻ ያልተሠራበት ገንዘብ ለሠራተኛው አይመለስለትም ነበር። እስከ 500 ዶላር ድረስ ወደሚመጣው ዓመት እንዲተላለፍ የተፈቀደው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ደመወዙ ሰፊ የሆነ ሰው ጥቂት ቢቀርበት አይጎዳም። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ግን በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እታመማለሁ ብሎ መገመት አለበት። በሽታ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

፪. የመምረጥ ሸክም

የምርጫ ደጋፊዎች ዋና ማስረጃ «ለራሱ የሚበጀውን ከራሱ በላይ የሚያውቅ የለም» የሚል ነው። ንግግሩ ያምራል። ነገር ግን ሰው የራሱን ችግር ማወቁና የቀረበለትን ዝርዝር ማንበብ መቻሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ባርጋቫ፣ ሎወንስታይንና ሲድኖር የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ለዚህ ይጠቅመናል። አንድ ትልቅ የአሜሪካ ድርጅት ለሠራተኞቹ የሕክምና መድንን በ48 ዓይነት አዘጋጅቶ እንዲመርጡ ሰጣቸው። ከነዚህ መካከል አንዳንዶቹ ሠራተኛው ቢታመምም ባይታመምም ከሌላው የሚያስከስሩ ነበሩ፤ ማለት በምንም ሁኔታ ሊመረጡ የማይገባቸው ነበሩ። ይሁን እንጂ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሠራተኞች የመረጡት እነዚያን ነው፤ በዚህም የተነሣ የደረሰባቸው ትርፍ ወጪ ከሚከፍሉት አረቦን ከመቶ 24 ያህል ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ በዚህ ስሕተት ይበልጥ የወደቁት ዝቅተኛ ደመወዝ ያላቸው ሠራተኞች መሆናቸው ነው። በእኩል የቀረበ ማዕድ በእኩል አልተበላም።

እንዲሁም ማድሪያንና ሺ የተባሉት ተመራማሪዎች በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አንድ ድርጅት አዲስ ሠራተኞችን ራሱ በጡረታ ቁጠባ ውስጥ እያስገባ «የማይፈልግ ይውጣ» ባለ ጊዜ የቆጣቢዎቹ ቁጥር እጅግ ከፍ እንዳለ አሳይተዋል። አስገራሚው ነገር ብዙዎቹ ድርጅቱ በቅጹ ላይ አስቀድሞ በሞላው ልክ፣ ከመቶ 3 ላይ፣ እንደ ቆሙ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ከሚመርጡት ሰዎች ይልቅ መራጭ ሆነ ማለት ነው። ምርጫ ሰጠሁ የሚል አሠሪ፣ ዝም ላለው ሠራተኛ ምን እንደ መረጠለት መጠየቅ ይገባዋል።

፫. መድን ምርጫን ይችላልን?

ከዚህ የሚከብደው ጥያቄ ስለ መድን ነው። መድን ማለት ጤነኛው ለበሽተኛው፣ የዛሬው ጤነኛም ለነገው በሽተኛ የሚያዋጣው ነው። እያንዳንዱ የሚበጀውን ይምረጥ በተባለ ጊዜ ወጣቱና ጤነኛው በርካሹ ይሄዳል፤ የታመመው ሰፊ መድን በሚሰጠው ላይ ይቀራል። የቀሩት በሽተኞች ብቻ ስለ ሆኑ ዋጋው ይጨምራል፤ ዋጋው ሲጨምር ከቀሩት መካከል ሻል ያሉት ደግሞ ይወጣሉ፤ እንደ ገናም ዋጋው ይጨምራል።

ይህ ነገር በወረቀት ላይ ብቻ የሚታሰብ አይደለም። ከትለርና ሬበር በ1998 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ1995 እ.ኤ.አ. ሠራተኛው የትኛውንም መድን ቢመርጥ የዩኒቨርሲቲው መዋጮ እኩል እንዲሆን ወሰነ፤ ልዩነቱን መራጩ ራሱ እንዲከፍል አደረገ። ውሳኔው ወጪ ለመቆጠብና ውድድር ለማምጣት የታሰበ ነበር። ነገር ግን ወጣቶቹና ጤነኞቹ ሰፊውን መድን ትተው ሄዱ፤ የቀሩት ሰዎች መዋጮም ከፍ እያለ ሄደ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላም ያ መድን ጨርሶ ተዘጋ። ልብ በሉ፤ ከወጡት ሰዎች አንዱም ክፉ ሥራ አልሠራም፤ እያንዳንዱ የተፈቀደለትን መረጠ። ይሁን እንጂ ከምርጫዎቹ ሁሉ ድምር በኋላ፣ ሰፊውን መድን ለሚፈልግ በሽተኛ የሚመርጠው ነገር አልቀረለትም።

እዚህ ላይ ለዚህ ጽሑፍ መሠረት የሚሆነውን የመጀመሪያውን መመዘኛ አቀርባለሁ። ይኸውም፤ ጎረቤቴ ከዚህ ጥቅም ቢወጣ ለእኔ ያለው ይጸናልን? የሚጸና ከሆነ በምርጫ ይሰጥ፤ የማይጸና ከሆነ ለሁሉ በአንድነት ይሰጥ።

፬. በአገራችን ሲመዘን

አሁን ይህን መመዘኛ ይዘን ወደ አገራችን የሥራ ቦታ እንመለስ። እዚህ ያሉት ሠራተኞች የተለያዩ መሆናቸውን ማስረዳት አያስፈልግም፤ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ መስመር ላይ የምትጾም ክርስቲያን፣ የምትሰግድ እስላም፣ ከገጠር መጥታ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል የተከራየች ልጅና የሦስት ልጆች እናት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

ከምሳ እንጀምር። ካፍቴሪያ የሚለው ቃል በአሜሪካ ምሳሌ ነበር፤ እዚህ ግን ነገሩ ራሱ ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት፣ በየረቡዑና በየዓርቡ የፍስክ ወጥ ለሚጾመው ሠራተኛ ምንም ነው። የክርስቲያን ሥጋ ለእስላሙ፣ የእስላም ሥጋ ለክርስቲያኑ አይቀርብም። በረመዳን ወር የቀትር ምሳ ለጿሚው እስላም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾመውም ክርስቲያን በሰዓቱ አይበላም። ሆኖም ድርጅቱ «ምሳ በነጻ እሰጣለሁ» ብሎ በጥቅማ ጥቅም መዝገብ ላይ ይጽፈዋል። እዚህ ምርጫ መስጠት ፍርድ ነው፤ የአንዷ ምሳ በገንዘብ ቢታሰብላት ወይም ቆይቶ ቢሰጣት የጎረቤቷ ሣህን አይጎድልምና። ደግሞም አንድ ነገር አለ፤ ሽሮውና ምስሩ፣ ጾሙ ከቀትር እንዳይበላ ካልከለከለ በቀር፣ ሁሉም አብሮ ሊበላው የሚችል ነው። ስለዚህ ለልዩነት የሚሰጠው መልስ ሁልጊዜ የዝርዝር ብዛት አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ማንንም የማያስነሣ አንድ ማዕድ ማግኘት ነው።

እንዲህ ያለው ብልሃት በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በቆየው የዓርብ ልማድ ይታያል። የዓርብ የምሳ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 እንዲረዝም የተደረገው የጁምዓ ሰላት እንዲደርስ ነው፤ ነገር ግን ዕረፍቱ ለሁሉ ተሰጠ። የሚሰግደው ይሰግዳል፤ የማይሰግደው ጉዳዩን ይፈጽማል። ማንም ሃይማኖቱን በቅጽ ላይ ጽፎ አለቃውን ማስፈረም አላስፈለገውም።

ሰርቪስን ስንመለከት ነገሩ ይለወጣል። ሰርቪስ የግል ጥቅም ይመስላል፤ በመመዘኛው ሲታይ ግን የጋራ ነው። በቀን ፈረቃ የሚሠሩት በሰርቪሱ ፈንታ ገንዘብ መረጡ እንበል። አውቶቡሱ ግማሹ ባዶ ይሆናል፤ ድርጅቱም አያዋጣኝም ብሎ ያቆመዋል። ያን ጊዜ በምሽት ፈረቃ የምትወጣው ልጅ በጨለማ በእግርዋ ትሄዳለች። ለእርስዋ የቀረው ገንዘብ የአውቶቡሱን ያህል አያስጠብቃትም።

የዓመት ፈቃድን በሚመለከት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የያዘው መንገድ ትምህርት የሚሰጥ ነው። አዋጁ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ይሰጣል፤ ከዚያም በኋላ በየሁለቱ ዓመት አንድ ቀን ይጨምራል። ሠራተኛው ይህን መብቱን ለመተው የሚያደርገው ስምምነት ፈራሽ ነው፤ በሕጉ ከተለየው በቀርም ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። ነገር ግን በሠራተኛው ጥያቄና በአሠሪው ስምምነት ፈቃዱ ሊከፈልና ሊተላለፍ ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በላይ ግን አይተላለፍም። እንግዲህ መጠኑ አይነካም፤ ጊዜው ይመረጣል። አንዱ ለፋሲካ፣ ሌላው ለዒድ፣ ሌላው ለአዝመራ ሊወስደው ይችላል።

ሕግ አውጪው ፈቃድ እንዳይሸጥ ስለ ምን ከለከለ? ነጻ ሰው ዕረፍቱን ቢሸጥ ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። እዚህ ላይ ሁለተኛው መመዘኛ ይመጣል፤ ይኸውም፤ ይህች ሠራተኛ ደመወዝዋ ወሩን የሚያዳርሳት ቢሆን ይህንኑ ትመርጥ ነበርን? የቤት ኪራይ የጎደላት ልጅ ዕረፍትዋንም ሕክምናዋንም የእርጅናዋን ጡረታም በጥሬ ገንዘብ ለመለወጥ ፈቃደኛ ናት። ፊርማዋ የእርስዋ ነው፤ ያስፈረማት ግን ማጣት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ ከመቶ 7፣ አሠሪው ደግሞ ከመቶ 11 ለጡረታ ያዋጣሉ። ይህ 18 ከመቶ በምርጫ ይሁን ቢባል በሃያ ዓመቱ የሚተወው ብዙ ነው፤ በስድሳ ዓመቱ የሚጸጸተውም ያው ሰው ነው።

የወሊድ ፈቃድንም እንመልከት። ሕጉ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል፤ ለአባት 3 ቀን ይሰጣል። ይህን ከዝርዝር ውስጥ አንድ ዕቃ ብናደርገው የሚመርጡት ለመውለድ ያሰቡ ሴቶች ብቻ ይሆናሉ፤ ወጪውም በነርሱ ስም ይጻፋል። ዛሬም ቢሆን ደመወዙን የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ስለ ሆነ ወጣት ሴት ከመቅጠር የሚያመነታ አይጠፋም። መድኃኒቱ ሸክሙን ወደ እርስዋ ማጥበብ ሳይሆን በብዙ አሠሪዎች መካከል ማስፋት ነው።

፭. ምርጫ የደመወዝ ምትክ አይደለም

ምርጫን የሚሰብኩ ሰዎች ሌላም ተስፋ ይሰጣሉ፤ ሠራተኛው ጥቅሙን ከመረጠ ሥራውን አይለቅም ይላሉ። ብላትማንና ደርኮን በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች፣ ወደ 1000 በሚጠጉ አመልካቾች ላይ አድርገው በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ይህን ተስፋ ቀዝቀዝ ያደርገዋል። በዕጣ የፋብሪካ ሥራ ከደረሳቸው ሰዎች አንድ ሦስተኛ የሚያህሉት በመጀመሪያው ወር፣ ከመቶ 77 የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ለቀዋል። ገቢያቸው ሥራው ካልደረሳቸው ሰዎች ገቢ እምብዛም አልተሻለም፤ ጤንነታቸውም ተጎድቶ ነበር። እንዲህ ያለው ሠራተኛ የሚለቀው የምርጫ ዝርዝር ስላጣ ነውን? ትንሽን ነገር በብዙ መንገድ ቢከፋፍሉት ብዙ አይሆንም።

በዚህ ነገር ላይ የአገራችን ሕዝብ ያለ መማሪያ መጽሐፍ የደረሰበት ጥበብ አለ። ሰው ዕድርም ዕቁብም አለው፤ ሁለቱን ግን አያደባልቅም። በዕድር ሀብታሙም ድኻውም አንድ መዋጮ ያዋጣል፤ ኀዘን ሲደርስ ድንኳኑም ወንበሩም ለሁሉ በአንድ ደንብ ይመጣል። «እኔ ወጣት ነኝ፤ የሞት መዋጮው ይቅርብኝና ለሰርግ ይቀመጥልኝ» የሚል አባል ዳኛው አይሰማውም። በዕቁብ ግን ችግር የገጠመው ሰው ዕጣውን ከባለ ዕጣው ጋር ሊለዋወጥ ይችላል፤ ገንዘቡንም በሬ ቢገዛበት ቤት ቢያድስበት የሚጠይቀው የለም። ስለ ምን? በዕቁብ የአንዱ አጠቃቀም የሌላውን ድርሻ አይቀንስም፤ በዕድር ግን የአንዱ መውጣት የሌላውን ድንኳን ያፈርሳል።

፮. ማጠቃለያ

እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው ደንብ እንዲህ ነው። ጡረታ፣ ሕክምና፣ የወሊድ ፈቃድ፣ የዕረፍት መጠንና የምሽት ሰርቪስ የዕድር ወገን ናቸው፤ ለሁሉ በአንድነት ይሰጡ፤ አይሸጡ፤ አይለወጡ። የምሳው ዓይነትና ሰዓት፣ ፈቃዱ የሚወሰድበት ጊዜ፣ የፈረቃ መለዋወጥ፣ እነዚህን የመሰሉት ደግሞ የዕቁብ ወገን ናቸው፤ በሰፊው በምርጫ ይሰጡ፤ ዛሬ በብዙ ቦታ ከሚሰጠውም በላይ ይስፉ። የትኛው ጥቅም ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር የሚወስነው አሠሪው ብቻ መሆን የለበትም። የኅብረት ስምምነት ያለው ለዚህ ነውና የሠራተኛ ማኅበሩ በጠረጴዛው ዙሪያ ይቀመጥ፤ ቅጹም ሠራተኛው በሚያነብበው ቋንቋ ይጻፍ፤ ዝም ያለው ሠራተኛ ምን እንደሚደርሰውም በግልጽ ይነገረው።

ይህ አከፋፈል ሁሉን ቅሬታ እንደማያጠፋ የታወቀ ነው። ልጅ የሌለው ሠራተኛ ለወላዶች፣ ጤነኛው ለበሽተኞች ማዋጣቱ ይቀጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም ያማርራል። ነገር ግን ያ ማማረር የአብሮ መኖር ዋጋ ነው፤ በዕድርም ሳይሞትበት ሃያ ዓመት ያዋጣ ሰው ያማርራል፤ መዋጮውን ግን አያቋርጥም።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ትምህርታችንን ፈጽመን በሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ውስጥ እንቀመጥ ይሆናል፤ በእጃችንም የምርጫ ቅጽ ይሰጠን ይሆናል። ያን ቅጽ ለሠራተኛው ከመስጠታችን በፊት ሁለቱን ጥያቄዎች እንጠይቅ። አንዱ ቢወጣ የሌላው ይጸናልን? ደመወዙስ ቢበቃ ኖሮ ይህን ይመርጥ ነበርን? ለሁለቱም አዎን የሚል መልስ ካገኘን ምርጫው መልካም ነው። ከሁለቱ ለአንዱ እንኳ አይደለም የሚል መልስ ከመጣ ግን ቅጹን አጥፈን፣ ማዕዱን ለሁሉ በአንድነት ማቅረብ ይገባናል።